ተከላካይ ሆኜ የሰነበትኩባቸው አሥራ አንድ ቀናት

ይድረስ በወጣትነቴ እጮኛዬ ለነበርሽው፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን እንደሚያምሽ እህቴ ነግራኛለች፤ እግዚአብሔር ይማርሽ። ልጆችሽስ ደህና ናቸው? የባለቤትሽን የፓስተሩን ማረፍ የሰማሁት ከተቀበሩ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው። የማጽናኛ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ምን አገባኝ ብዬ ነው። ነፍሳቸውን ያሳርፍልሽ፣ አንቺንም ያጽናሽ።

እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ካናዳ፣ ሬጃይና ዘንድሮም በረዶው ቸኩሎ መጥቷል። በየዓመቱ “ከርሞ ወደ ሚሲሲፒ እመለሳለሁ” እያልኩ ሃያ ዘጠኝ ክረምት አለፈ። የምሠራው እህል ማከማቻ ነው፤ ስንዴ የጫኑ መኪኖችን እመዝናለሁ። የቀኝ ትከሻዬ ብርድ ሲመጣ ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኮሌጃችን በዘንድሮው የቀድሞ ተማሪዎች በዓል ላይ ሊያከብረኝ መወሰኑን፣ ንግግር የምታደርጊውም አንቺ መሆንሽን ኮሚቴው ጻፈልኝ። የንግግርሽንም ቅጂ አያይዘው ላኩልኝ። ወጥ ቤት ቆሜ አነበብኩት። “ጥቁር ስለሆንክ ኳሱን አትወረውርም፣ ሌላ ቦታ ተጫወት ሲሉት፣ እምቢ ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ የወጣ ሰው” ብለሻል። እንዲህ ባማረ ቃል ያሞገሰኝ ሰው የለም። ችግሩ ነገሩ እውነት አለመሆኑ ነው።

ኮሌጅ ሳለሁ የነበረውን አንቺም ታውቂዋለሽ። በኮሌጁ የሙዚቃ ባንድ መሐል ክላርኔትሽን ይዘሽ አራት ዓመት ሙሉ አይተሽኛል። የአሜሪካን ፉትቦል ቡድናችን ኳርተርባክ ነበርኩ፤ ኳሱ መጀመሪያ እጄ ይገባል፣ ለማን እንደሚወረወር የምቆርጠው እኔ ነኝ። በመጨረሻው ጨዋታ፣ በዚያ ዝናብ፣ ኳስ ተቀባያችን ኤልሮይ መስመሩ ላይ ሲደርስ የወረወርኩለት ኳስ አፉን መትቶት እቅፉ ውስጥ ገባ። ነጥቡን ካስቆጠረ በኋላ ደም እየተፋ መጥቶ፣ “አንተ! እጄ ላይ ጣልልኝ አልኩህ እንጂ ጥርሴን አውልቅልኝ አልኩህ?” ያለኝ ትዝ ይልሻል? አሰልጣኝ ቶሊቨር ከሣቁ ብዛት ባርኔጣቸው ጭቃ ላይ ወድቆ ነበር። ያን ቀን የሰማይ ጣሪያ የደረስኩ መስሎኝ ነበር።

በበጋው ደሞዝ ከፋዮቹ ቡድኖች አንዱ መረጠኝና ወደ ልምምድ ሰፈራቸው ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ “እግርህ ፈጣን ነው። ከኋላ ተከላካይ ትሆናለህ” አለኝ።

“እኔ ወርዋሪ ነኝ” አልኩት።

“ወርዋሪዎች አሉን።”

“ሲወረውሩ አየኋቸው እኮ!” ብዬ መለስኩ። የቆሙት ሁሉ ሣቁ፤ እሱ ግን አልሣቀም። “እስከ ነገ ጠዋት አስብበት። ካልሆነ አውቶቡሱ ደጅ ነው” ብሎኝ ሄደ።

ከመመገቢያው አዳራሽ ጎን ካለው ስልክ ነበር የደወልኩልሽ። አንቺም፣ “ስማ፣ እኔ የማገባው ሰውየውን ነው እንጂ የሚቆምበትን ቦታ አይደለም። እማዬ ቀሚሱን ጀምረዋል። ሠርጋችን ጥቅምት ነው፤ ተቃርቧል። ብለው ብለው በር ላይ ዘበኛ ቁም ቢሉህስ ምን አለበት?” አልሽኝ። እኔም ጮህኩብሽ። “ከኋላ እየተከተልኩ የሰው ጭራ አልጠብቅም! ካላወቅሽኝ ተይኝ!” ብዬ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። እስከዚህ ድረስ ታውቂያለሽ።

የማታውቂው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በማግሥቱ ጠዋት አሰልጣኙ ዘንድ ገብቼ፣ “የፈለጉበት ቦታ ያቁሙኝ” አልኩት። “ጎበዝ ልጅ” አለኝ፤ አሁንም ቀና አላለም።

አሥራ አንድ ቀን ተከላካይ ሆንኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ወደ ፊት እያየሁ የኖርኩ ሰው የኋልዮሽ መሮጥ ጀመርኩ። የምከላከለው አንድ የቴክሳስ ልጅ አንጀቱ አልችል ብሎ፣ “ወንድሜ፣ ኳሱን ተወው፣ ወገቤን እይ! ወገብ አይዋሽም” እያለ ሊያስተምረኝ ሞከረ። አልቻልኩም። ኳሱ አየር ላይ ሲወጣ ዓይኔ አብሮት ይሄዳል። እንዴት እንደተወረወረ፣ ከየትኛው ጣት እንደወጣ ሳይ፣ ልጁ አልፎኝ ሄዷል። በአሥራ አንደኛው ቀን ከቁርስ በፊት አንድ ሰው የክፍሌን በር አንኳኳና፣ “አሰልጣኙ ይፈልጉሃል። መጽሐፍህን ይዘህ ና” አለኝ። የጨዋታ መጽሐፍህን ይዘህ ና ከተባልክ አለቀልህ ማለት ነው።

እምቢ ብዬ አልወጣሁም። እሺ ብዬ፣ ሞክሬ፣ ስላልቻልኩ ነው ያባረሩኝ።

እንደገና ደወልኩልሽ። “ምን ሆንክ?” አልሽኝ። ሙሉውን ልነግርሽ ነበር፤ በምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፣ “እምቢ አልኳቸው” የሚል ሆነ። ተሸንፎ ከሚመጣ ሰው ኮርቶ የሚመጣ ይሻላል ብዬ ይሆናል፤ ልጅ ነበርኩ።  አንቺም፣ “እንግዲያስ ኳሷን አግባት” ብለሽ ዘጋሽው።

አገር ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። አሰልጣኝ ቶሊቨር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በሕዝብ ፊት አቅፈውኝ፣ “ቢያንስ አንድ ልጄ አልሰገደላቸውም!” ብለው አለቀሱ። የእሳቸውን እንባ አይቼ እንዴት አፌን ልክፈት? በሦስተኛው ሳምንት ከአንድ የካናዳ ቡድን ቴሌግራም መጣልኝ፤ ወጣሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓስተሩን ማግባትሽን ሰማሁ።

እዚህ ስምንት ዓመት ወረወርኩ። ሜዳው ከኛው ይሰፋል፣ ነፋሱ ኳስ ይሰርቃል፤ ሕዝቡ ግን ወደደኝ፣ እኔም ወደድኩት። ትከሻዬ ሲሰበር አበቃ። አንዲት ደግ ሴት አግብቼም ነበር። በስድስተኛው ዓመት፣ “አንተ እራት ስትበላ እንኳ ወደ ደቡብ በሚያየው መስኮት በኩል ነው የምትቀመጠው” አለችኝና በሰላም ተለያየን። አልፈርድባትም።

ስለዚህ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዢልኝ። በእውነት እምቢ ያሉ፣ ከዚያ በኋላም የትም ያልወረወሩ ሰዎች አሉ፤ የእነሱን ካባ ለብሼ መድረክ ላይ አልቆምም። ኮሚቴው ክብሩን ቢተወውም አይከፋኝም። ለኤልሮይ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ይስደበኝ፣ የሚገባኝ ነው። አሰልጣኝ ቶሊቨር ግን ሳይሰሙ ሞቱ፤ ይህ ይቆጨኛል።

ያን ዕለት ጠዋት አሰልጣኙ ዘንድ ስገባ ለምን ሐሳቤን እንደለወጥኩ ትጠይቂኝ ይሆናል። ከአንቺ ስልክ በኋላ እስኪነጋ ማንንም አላነጋገርኩም፤ ጆሮዬ ላይ የቀረው ያንቺ ቃል ብቻ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።

የመሥሪያ ቤት ፈቃዴን ወስጃለሁ፣ በዓሉ ቢቀርም መምጣቴ አይቀርም። ማንም እንዲቀበለኝ አልጠየቅኩም። አውቶቡሱ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል።

እግዚአብሔር ቤትሽን በምሕረቱ ይሸፍን፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

እጮኛሽ የነበረው