አሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር

ይድረስ ለልጄ ለሙላት፣

የጅማ ዝናብ እንዴት ይዞሃል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። ጉንፋን ድምፄን ስለዘጋው መደወሉን ትቼ ጻፍኩልህ።

አባትህ ሰኞ የሮብ ገበያን መንገድ ሊያጠና በመኪናው ወጣ። ስለ መንገድ ጥገና ሠላሳ ዓመት አስተምሮ፣ ፕሮፌሰር ተብሎም፣ ስንጥቁን በእጁ ካልለካ አያምንም። እንደ ልማዱ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ እየደወለ ያየውን ያስጽፈኛል።

«አሥራ አምስት ላይ ነኝ፤ ቦዩ ተደፍኗል። ጻፍሽ፣ የኔ ጸሐፊ?» አለኝ።

ጽፌ ሃያን እየጠበቅሁ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ተማሪዎቹ ሲመጡ ስብሰባ ሄዷል አልኳቸው። አክስትህ የብርጓልም ብቻዋን ማደር ሰልችቷት እኔ ጋ ሰንብታለች።

ትናንት የሚኒባስ ሹፌሩ አምሳሉ፣ አባትህ እየገፋ የሚለካበትን ባለ ጎማ መለኪያ ከመንገድ ዳር አንስቶ አመጣልኝ።

«መኪናውስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እትዬ ዓይናዲስ፣ እኔ ያየሁት ይህንኑ ነው» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ጭቃውን ጠረግሁለት። የቆጠረውን የርቀት ቁጥር ግን አልነካሁትም፤ ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላል።

ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ያልከውን ተወው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ስልክህን ብቻ አትዝጋ። አባትህ ለአንተ ከደወለ፣ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ጽፈህ ያዝልኝ።

ቅዱስ ማርቆስ ከክፉ ይሰውርህ።

እናትህ ዓይናዲስ