መዳብና ብረት ውሃ ሲነካቸው

ውድ ባለቤቴ፣

«ውድ» ብዬ ስጀምር «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» እንደምትል አውቃለሁ። ፀሐይዋ እንደ ወትሮዋ ናት። አሁን በወርክሾፑ ከፍ ያሉ መስኮቶች ገብታ ወለሉ ላይ ተጋድማለች። የሞረድ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ትኩር ብለህ ካየኸው ክፍሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስልሃል። ተማሪዎቹ ወጥተዋል። ምድጃው ገና አልቀዘቀዘም። አንተ ከጋራዥ ወጥተህ ልትወስደኝ ስትመጣ ትቀመጥባት የነበረችው በርጩማ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ።

ትላንት እህትህ መጥታ ነበር። ገና ከመቀመጧ «እናንተ ሰዎች ምን ነክቷችኋል?» ብላ ጀመረች። «ወንድሜ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ ለሚሠራበት ፋብሪካ የመጨረሻ መልስ ሊሰጥ ነው። በዚህ ሳምንት እሺ ካለ እዚያው ቋሚ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ጠይቂዋ ታዲያ!»

«እሱስ አፍ የለውም?»

«አለው፤ ግን አንቺን ይፈራል» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ይህን ያህል ዓመት አብሬህ ኖሬ እንደምትፈራኝ ከእህትህ አፍ መስማቴ አንገበገበኝ።

የሄድክ ጊዜ የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ ግን አታውቅም። ተስማምተህ፣ ፈርመህ፣ ሁሉን ጨርሰህ ነው የነገርከኝ። ያውም ጀርባህን ሰጥተኸኝ፣ እጅህን እየታጠብክ። «የሩቁን ፋብሪካ ሥራ ይዤዋለሁ፤ ሰኞ እሄዳለሁ» አልክ፣ ዳቦ አለቀ እንደሚል ሰው። «እኔስ?» ልልህ ነበር። የወጣው ግን «ሂድ! ማን ያዘህ?» የሚለው ሆነ። ከዚያ ድስቱንም፣ ወንበሩንም፣ ቁም ሳጥኑንም አንድ ላይ አጋጨሁት። አንተ ድምፅህን እንኳ ከፍ አላደረግህም። በሩ ላይ ቆመህ «ሲበርድልሽ እንነጋገራለን» ብለህ ሄድክ።

ከዚያ ወዲህ የምንለዋወጠው ሁሉ ያው ነው። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ እኛ ወርክሾፕ ደግሞ ወርቅ ተሠርቶ አያውቅም።

እንቅልፌና ንቃቴ ተቀላቅሎብኛል። ከትምህርት ቤት ስወጣ በሐሳብ ጭልጥ እላለሁ፤ መንገዱን መቼ እንደጨረስኩት ሳላውቅ ራሴን በራችን ላይ አገኘዋለሁ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ትከሻው ሰፋ ያለ ሰው ሁሉ አንተ ነህ፣ ፊቱን እስኪያዞር ድረስ። በቀደም ክፍል ውስጥ ስለ አሉሚኒየም እያስረዳሁ፣ ወደዚህች ባዶ በርጩማ ዞሬ «አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩ። ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

አሉሚኒየምን ካነሳሁ አይቀር፣ አንተ ራስህ አሉሚኒየም ነህ። ብረት ሲግል ይቀላል፤ ምን ላይ እንደደረሰ ፊቱ ይነግርሃል። አሉሚኒየም ግን መልኩን ሳይለውጥ ይግልና፣ ገና ነው ስትል ዓይንህ እያየ ቅልጥ ይላል። ለዚህ ነው ልጆቹን ከማሞቃችሁ በፊት ሳሙና ቀቡት የምላቸው፤ ሳሙናው ሲጠቁር በቃው ማለት ነው። አንተም በዚያ ሰሞን ዝም ብለህ ስትበላ፣ ዝም ብለህ ስትተኛ፣ ውስጥህ ምን ያህል እንደጋለ አላየሁም። ምነው ያኔ ግንባርህን ሳሙና በቀባሁት!

ዛሬ ደግሞ ስለ ራሴ ተማርኩ። ያስተማረችኝ ራዲዮ ናት። ራዲዮ የምንላት ከፊት የምትቆም ልጅ ናት፤ አፏ ሥራ አይፈታም፣ እጇም እንደዚያው። ባለፈው ሳምንት የሠራነው በመዳብ ነበር። መዳብ ሲቀጠቀጥ እየጠነከረ፣ አልታጠፍም እያለ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ደብዘዝ ብሎ እስኪቀላ አግለኸው ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ተመልሶ ይለሰልሳል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ አስማት ነው አሉ። ዛሬ ራዲዮ ከአሮጌ ሞረድ መሮ ልትሠራ ተነሳች። አሮጌው ሞረድ ጠንካራ ነው፤ አልቀረጽም ብሎ አስቸገራት። እኔ ሌላ ጥግ ላይ ነበርኩ። እሷ እንደ መዳቡ መስሏት አግላ አግላ ባልዲው ውስጥ ነከረችው።

«ቲቸር፣ አልለሰለሰም!» ስትል ሰማኋት። «ደግሜ ልንከረው?»

ደግማ ደጋግማ ነክራዋለች። እኔ ስደርስ መዶሻውን አንስታ መታ አደረገችው። ቀጭ ብሎ ሁለት ሆነ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች፣ ዕንባ አቅርራ። «አቀዘቀዝኩት እኮ!»

«እሱ ነዋ ጥፋቱ» አልኳት። «መዳብን የሚያለሰልሰው ውሃ ይሄን ያደርቀዋል። እንዲለሰልስ ከፈለግሽ አግለሽ አመድ ውስጥ ትቀብሪዋለሽ፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይለቀዋል።»

«አሁንስ? ይጣል?»

«ኧረ አይጣልም። የቀረውን አምጪው።»

ስባሪውን በአሸዋ ወረቀት አሽተን አበራነውና ከእሳቱ ዳር ይዤ ማሞቅ ጀመርኩ። ልጆቹ ከበቡኝ። ራዲዮ ከሁሉ ቀድማ ጠጋ አለች። መጀመሪያ የገለባ ቀለም መጣ፤ ከዚያ ብረቱ ላይ እየተሳበ ቡናማ ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶ ወይን ጠጅ። አንተ ይህን ሺህ ጊዜ አይተኸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ዛሬ ግን ዓይኔ ፈዞ ቀረ። በዚያ ቀለም ውስጥ ቤታችንን አየሁት፣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ፣ እኔ ፊቴን አዙሬ። ወንበሩ ሳይቀር በቦታው ነበር። አንተ ሰው፣ አልኩ በልቤ፣ እኔ እኮ መዳብ መስዬህ ነው!

«ቲቸር፣ እየጠቆረ ነው!» ብላ ራዲዮ ባትጮህ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር። አውጥተን ሲቀዘቅዝ እሷው መታችው። አልተሰበረም። የሠፈር ሰው ሁሉ ሠርግ የጠራት ይመስል ጨፈረች።

እኔ ስቆጣ አንተ ጨዋ ነህና ብቻዬን ትተኸኝ ወጣህ፣ እንዲበርድልኝ ብለህ። ክፋት አልነበረህም፤ አሁን ገባኝ። ብቻዬን ስቀር ግን አልለሰለስኩም። ደረቅሁ። ጎረቤት «እሱስ ደህና ነው?» ሲለኝ ቀጭ ልል ምንም አይቀረኝም። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው እያሉ አሳደጉን፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም ተረት አልተረተልንም። ቀስ አድርጎ፣ ከአጠገብ ሳይርቁ፣ ቀለሙን እያዩ መልሶ ማሞቅ ነው የሚደረገው። ለዚህ ደግሞ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት መልስ ትሰጣለህ። ተመለስ አልልህም። ሥራው ጥሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ጋራዡ ውስጥ ታፍነህ እንደነበርም አሁን ይታየኛል። እዚያ መቅረት ከፈለግህ እኔም ልመጣ እችላለሁ፤ ትምህርት ቤት የሌለበት ከተማ የለም። አልመጣም ልልህም እችላለሁ። አላውቅም፤ አልጠየቅኸኝማ! ብቻ እሺ ከማለትህ በፊት ጠይቀኝ። ፊትህን ወደ እኔ አዙረህ ጠይቀኝ። እጮህ ይሆናል። ስጮህ አትውጣ፣ ቁጭ በል። ካስፈለገህ አንተም ጩህ፤ እኔ አልሞትም።

ናፍቀኸኛል። ተናድጄብሃለሁም። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ሲሆኑ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅበትም። መኮራረፋችን ካልቀረ ግን፣ እባክህ በአንድ ቤት ውስጥ እንኮራረፍ።

ሚስትህ