«ፕሮግራሙ ተጠናቋል» ላስባሉን ለክቡር የአዳራሹ ኃላፊ

ለክቡር የከተማችን የኪነ ጥበብ አዳራሽ ኃላፊ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠበቀ፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ሰፈሬ «ሚስማር» እያለ የሚጠራኝ ራፐር ነኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝን የግብዣ ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤ፣ እንዲህ ላከበረኝ ሰው መልስ አለመስጠት ነውር ነው ብዬ ይህን ጻፍኩ። «ራፕን ከባንድ ጋር ያዋሐደውና በአዳራሻችን ድጋፍ የተወለደው ፈጠራ» በአዳራሹ የምሥረታ በዓል ላይ እንዲቀርብ ጠይቀዋል። የልጁ አባት መሆንዎን ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ሲወለድ ግን እኛም እዚያው ነበርንና፣ ክቡርነትዎ በሥራ ብዛት የዘነጉት ነገር ካለ በትሕትና ላስታውስዎ።

ለዓመታት ስሠራ የኖርኩት በተቀዳ ቢት፣ በማሽን በተሠራ ምት ነው። ቢት ጥሩ ባልደረባ ነው፤ አይታመምም፣ አያረፍድም፣ አያኮርፍም። ግን ሰው አይጠብቅም። ትንፋሽ ያጠረውን፣ እንባ ያነቀውን ሁሉ ጥሎ ይሄዳል። እናቴማ ቤት ውስጥ ስለማመድ በሰማችኝ ቁጥር «ልጄ፣ ደግሞ ዛሬ ማን አስቀየመህ?» ትለኝ ነበር።

ከዘፈኖቼ አንዱ ግን ለእሷ የተጻፈ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሆስፒታል ውስጥ ያረፈ ዕለት፣ እናቴ ስታስታምም ከርማ ስለደከመች ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር እንቅልፍ ጥሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ «ልጄ ሲሄድ እኔ ተኝቼ» ከማለት በቀር ስለ እሱ ቃል አይወጣትም። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ልጠራት ስነሳ እጄን ይዞ «አታስነሳት፣ ትንሽ ትረፍ» ያለውም ለእኔ ነው። ይህን ፊት ለፊት ልነግራት በሞከርኩ ቁጥር አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ የዘፈኑ መጨረሻ አደረግኩት። በቢቱ ጥድፊያ ግን እሷ ጠብ እንጂ ቃል አልሰማችም።

ባንዱን ያገኘሁት በዚህ መሀል ነው። ድራም የምትመታው ነርስ ናት፤ ጊታር የሚጫወተው ፍሪጅ ጠጋኝ፣ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ኢንዲ ባንድ ነን ይላሉ፤ አሳታሚም አለቃም የለንም፣ ሙዚቃችንን የምንሠራው ራሳችን ነን ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ዓይንና ናጫ ነበርን። እኔ እሮጣለሁ፣ እነሱ ይጎተታሉ፤ አስተማሪው «ወንድሜ፣ እስከ አራት ቁጠር አልን እንጂ አራት ጊዜ ቸኩል አላልንህም» እያለ ያበሽቀኛል። አንድ ቀን ግን ወንድሜ ያለውን ልናገር ስል ድምፄ ተቆረጠ። ነርሷ ዓይን ዓይኔን እያየች ድራሙን አለሳለሰችው፤ ሁለቱ ተከተሏት፤ ሦስቱም ወደ ቃሌ እስክመለስ ያንኑ ምት እየደጋገሙ ጠበቁኝ። በሕይወቴ ሙዚቃ ሲጠብቀኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴን መጋበዝ እንደምችል ያወቅሁትም ያኔ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ ምዝገባው። ጽሕፈት ቤትዎ ራፐርን ለብቻ፣ ባንድን ለብቻ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ የሚመዘግብበት ቦታ እንደሌለው ሲነገረን፣ ጸሐፊዋ ከልቧ አዝና «ታዲያ ለምን አብራችሁ አትሠሩም?» አለችን። አብረን እየሠራን መሆኑ ራሱ ችግሩ እንደሆነ ለማስረዳት ረፋዱ አልበቃንም። በመጨረሻ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር፣ ከአስማት አሳዪዎችና ከውሻ አሰልጣኞች ቀጥሎ ቦታ ስለተሰጠን ምስጋናችን የላቀ ነው። ከውሾቹ ጋር እስካሁን በሰላም አለን።

፪ኛ፦ ስለ መለማመጃው ክፍል። የተሰበሩ ወንበሮች የሚከማቹበትን የደረጃ ሥር ክፍል ስለፈቀዱልን እግዚአብሔር ይስጥልን። ድራሙ ሲገባ ነርሷ ቦታ ታጣለች፤ ነርሷ ስትገባ በሩ አልዘጋ ይላል። በሩን ከፍተን ስንለማመድ ደግሞ ስለ ጩኸታችን ማስጠንቀቂያ ላኩልን። ፍሪጅ ጠጋኙ ወረቀቱን አይቶ «ቢያንስ መስማታቸውን አረጋገጥን» ብሎ አጽናናን።

፫ኛ፦ በአዳራሽዎ መድረክ ላይ ዘፈኑን ስላቀረብንበት ስለዚያ እሑድ ከሰዓት። ክቡርነትዎ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከእናቴ ብዙም ሳይርቁ ተቀምጠው ነበር። የክት ቀሚሷን የለበሰችው ሴትዮ እሷ ናት። ወንድሜን በስሙ ስጠራው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቃሌን እየሰማች ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማን አስቀየመህ የሚል ፊት አልነበራትም። ነርሷ ድራሙን አለሳለሰች፤ እኔም «አታስነሳት» ልል አፌን ከፈትኩ። ያኔ ክቡርነትዎ እጅዎን ወደ ላይ አነሱ፤ ማይኩ ሞተ፣ ጊታሩ ሞተ፣ የመድረኩም መብራት ተከተላቸው። ተቆጣጣሪዎ የእጅ ባትሪ ይዘው መድረክ ላይ ወጥተው፣ «ልዩ ልዩ» የተባለ ሁሉ የተፈቀደለት የተቀዳ ሙዚቃ ብቻ መሆኑን ካስረዱ በኋላ፣ «ፕሮግራሙ ተጠናቋል» አሉ። ነርሷ ድራም መብራት አይፈልግም ብላ መምታቷን ብትቀጥል፣ መምቻዎቹን ከእጇ ወሰዱባት። ሕግ ስላስከበሩ እናመሰግናለን። ሕጉ ግን ሌላ አንድ ደቂቃ ቢታገሰን ምን ይጎድልበት ነበር?

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛ «መጨረሻው ምን ነበር የሚለው?» አለችኝ። «ሌላ ቀን» አልኳት።

አራተኛውን ቁጥር ልሰጠው አቃተኝ፤ ስለዚህ እንዲሁ ልናገረው።

ፍሪጅ ጠጋኙ ሱቁን ለቀቀልን። በራቸው የተነቀለ ፍሪጆች መሀል እናቴን ወንበር ሰጥተን ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወትንላት። ስንጨርስ ተነሳችና በቦርሳዋ ትከሻዬን መታችኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ይዘህ? ይህን ሁሉ ዓመት?» ነርሷ ደግፋ አስቀመጠቻት። እናቴ እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ሦስቱ ዞረችና «ልጆቼ፣ ድገሙልኝ፤ አታስነሳት ካለበት ጀምሩ» አለች። ደገምንላት። እስኪበቃት ደጋገምንላት፤ አስተማሪው ጣቱ እስኪላጥ ቤዝ ጊታሩን አላስቀመጠም። አሁን እናቴ ስለ ወንድሜ ታወራለች። ጢሙን ሲላጭ ያፏጭ እንደነበር፣ ሾርባ ላይ ጨው እንደሚያበዛ፣ ያለፈውን ሁሉ ትነግረናለች፤ አንዳንዴም ትስቃለች።

ያንን ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ በስልክ የቀረጸ መንገደኛ ነበር። ኢንተርኔት ላይ የለቀቀው ቪዲዮ መጀመሪያ ክቡርነትዎን አስቆጣ፤ ስለዚህ አስተማሪው ባልተፈቀደ ቡድን ውስጥ እንደሚሳተፍ ለትምህርት ቤቱ በማኅተም ጻፉ። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው አስጠነቀቁት። እሱም ቤዝ ጊታሩን ሱቁ ውስጥ ሊያኖር መጥቶ «ልጆች አሉኝ፣ ወንድሜ። አትቀየመኝ» አለኝ። ምን ብዬ ልቀየመው? ቤዝ ጊታሩ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሱቁ ጥግ ቆሟል፤ እኛም ያለ እሱ ስንሞክር ባዶ ሆዱን እንደ ዋለ ሰው ነን። ቀጥሎ ሕዝቡ ቪዲዮውን ወደደው። ሕዝቡ ሲወደው ክቡርነትዎም ወደዱት፤ ግብዣው መጣ። «ከሙሉ ባንድዎ ጋር እንዲገኙ» ይላል። ባንዱን ያጎደለው እጅ ሙሉውን ባንድ ሲጋብዝ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ቸርነት ይኖራል?

ስለሆነም ግብዣውን በታላቅ አክብሮት አልቀበልም። ለአስተማሪው ትምህርት ቤት የተጻፈውን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ፣ ያው ማኅተም አርፎበት እስኪጻፍ ድረስ፣ በዓልዎን ከእኛ ቀድመው ከተመዘገቡት ውሾች ጋር እንዲያከብሩ በትሕትና አሳስባለሁ። እነሱ ምልክት ሲሰጣቸው ዝም ማለት ያውቁበታል።

ለጊዜዎ፣ ለትዕግሥትዎና ለዚያ ወደ ላይ ለተነሳው እጅዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ፤

የክቡርነትዎ ትሑት ባለጉዳይ፣
ሚስማር፣ ከ«ልዩ ልዩ» ክፍል

ማስታወሻ፦ በግብዣው ግርጌ «መብራት ሊቋረጥ ስለሚችል ጀነሬተር ይዛችሁ ኑ» የሚል ምክር አይቻለሁ። ስለ አሳቢነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ሆኖም በእኛ በኩል መብራት ጠፍቶብን አያውቅም። ያጠፋብን ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ ጀነሬተር አልተሠራለትም።