ከመጋረጃው ጀርባ የምቆጥረው

ይድረስ ለእትዬ፤ ከመጋረጃው ገመድ ሥር ሆኜ እንደምን ሰነበትሽ እላለሁ። እኛ ደኅና ነን።

የአባባ ቴአትር ሰው በሰው ሆኗል። ንጉሡን ሆኖ ሲሞት አዳራሹ በለቅሶ ይናጣል። አዘጋጁማ፣ «ሽማግሌው መሞት ተክኖበታል!» እያለ ይስቃል።

እንደምታውቂው መጋረጃውን ዘግቼ እስከ አምስት እቆጥራለሁ፤ አባባ ተነሥቶ አቧራውን ሲያራግፍ ለጭብጨባው እከፍታለሁ። ዘንድሮ ግን እስኪነሣ ሃያ መቁጠር ጀምሬአለሁ። እሑድ አርባ ስደርስ ጭብጨባው መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። «ምነው አባባ?» ስለው፣ «ተወኝ፣ ሰው በደንብ ያልቅስ» አለኝ።

ዛሬ ልብሱን ሳለብሰው ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ከእንግዲህ እስከ ስልሳ ቁጠር። ስልሳ ካለፈ ግን፣ አደራ፣ አትክፈተው» አለኝ።

ትርኢቱ ሊያበቃ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። የዓመት ፈቃድሽን አትጠብቂ፤ ናፍቀሽናል።

ወንድምሽ፣ መጋረጃ ሳቢው