ሰማንያ ሁለት ነጥብ ያገኘው የኤሜ ወይን

ሴፕቴምበር 4

ሱቁ ጭር ብሎ ዋለ። የመደርደሪያውን አቧራ ጠረግኩ። ከሰዓት ለየወይኑ ከመቶ ነጥብ የሚሰጠው የዘንድሮው የፈረንሳይ ወይኖች መጽሐፍ ደረሰኝ። እንደ ልማዴ ነጥቦቹን እየገለበጥኩ በየጠርሙሱ ሥር ለጠፍኩ። ነጥብ ካላየ የሚገዛ የለም... ምን ላድርግ?

የወንድሜን የኤሜን ወይን ፈለግኩ። ሰማንያ ሁለት። "ዝግና ደረቅ፣ ፍሬ የማይሸት።" እዚህ ሌዚኛን ከተማ ውስጥ ሰማንያ ሁለት ማለት "አትግዙት" ማለት ነው። በሰባት ዩሮ ከኤሜ የተሻለ ቀይ ወይን የት አለ? ወይስ እህቱ ስለሆንኩ ነው?

የሱን አልለጠፍኩም።

ሴፕቴምበር 7

ኤሜ ወይን ለቀማ ላይ ነው። ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ነጥቡን ሰምቷል።

"የላይኛውን ማሳ አስነቅለዋለሁ" አለኝ ዳቦውን እያኘከ። "ለሚነቅል የመንግሥት ድጎማ አለ። ለጃንዋሪ ተመዝግቤያለሁ።"

"የአባባን ካሪኛን?"

"አባባ ይምጣና ይሽጠዋ።"

እነዚያን ካሪኛን የሚባሉ የቀይ ወይን ግንዶች የተከሏቸው አያታችን ናቸው። አባባ እዚያው ሲሠራ ነው የሞተው። ተነስቼ ሄድኩ። መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

ሴፕቴምበር 8

እራት ላይ የሱን ጠርሙስ ከፈትኩ። ዝግ? የቱ ጋ? የበሰለ ፍሬ፣ ከኋላው ጦስኝ... ደወልኩለት። "ለመጽሐፉ ሰዎች ናሙናውን መቼ ነው የላክኸው?"

"ጠርሙስ ውስጥ በገባ በሳምንቱ። ቀነ ገደብ ነበራቸው።"

ኧረ ወንድሜ... አዲስ ጠርሙስ የገባ ወይን ያኮርፋል፤ ወር ሁለት ወር አፉን አይከፍትም። አባባ እስከዚያ ለእንግዳ እንኳ አያቀርበውም ነበር።

"አውቃለሁ" አለ። "እነሱም የሚያውቁ መስሎኝ።"

ስልኩን ዘጋው።

ኦክቶበር 12

ቅዳሜ። ሱቅ ውስጥ ነጻ ቅምሻ አዘጋጀሁ። አምስት ቀይ ወይን፣ ስማቸው እንዳይታይ ሁሉም የባሌን ካልሲ ለብሰው። አንዱ የኤሜ። አንዱ ደግሞ ዘጠና ሦስት ነጥብ ያገኘው፣ በሃያ ስድስት ዩሮ የምሸጠው። ለኤሜ አልነገርኩትም።

ጡረተኛው ፖስተኛ ሙሴ ባርታስ አንዱን ጠርሙስ አሸተቱ። "ማዳም፣ ይሄ ሽታ የወይኑ ነው የባልዎ?"

ከቀመሱ በኋላ ነጥብ ስጡ አልኳቸው። ዘጠና ሦስቱ አንደኛ ወጣ። የኤሜ ሦስተኛ።  ምን ጠብቄ ነበር?

ከዚያ ዳቦና ቋሊማ አቀረብኩ፤ ሰው ቆሞ እያወራ ራሱ እየቀዳ ጠጣ። ሁሉም ሲሄዱ ካልሲዎቹን አወለቅኩ። አንደኛ የወጣው ከግማሽ በላይ ተርፏል። የኤሜ ጠብታ የለውም። ሰው ነጥብ የሚሰጠው ለሌላ፣ የሚጠጣው ሌላ ነው ማለት ነው? ስንት ዓመት ወይን ስሸጥ ይሄን አላየሁም...

ኦክቶበር 14

ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ኤሜ ጋ ሄድኩ። ነገርኩት።

"ሦስተኛ ነው የወጣሁት?"

"ጨረሱት እኮ ነው የምልህ፣ ስማኝ እንጂ።"

"ጨልጠው ጨልጠው ሦስተኛ አሉኝ?"

ሳቀ ግን። ስለ ማሳው አላነሳም። እኔም አልጠየቅኩም... ፈራሁ።

ኖቬምበር 5

ነጥቦቹን በሙሉ ከመደርደሪያው ላጥኩ። ገበያ ቀዝቅዟል። ባሌ የዕለቱን ሽያጭ ደጋግሞ ይቆጥራል።

ሙሴ ባርታስ መጥተው ግራ ገባቸው። "ታዲያ በምን ልምረጥ?"

"ዛሬ እራት ምንድን ነው?"

"ምስር በቋሊማ።"

የኤሜን ሰጠኋቸው። ነጥቡን ሊያዩ ስልካቸውን አውጥተው ጠርሙሱ ላይ ደገኑ። "ሰማንያ ሁለት ይላል እኮ፣ ማዳም።"

"ይሞክሩት። ካልጣመዎ ገንዘብዎን እመልሳለሁ።"

ኖቬምበር 9

ሙሴ ባርታስ ተመልሰው መጡ። ስድስት ጠርሙስ ወሰዱ። ስልካቸውን አላወጡም።

ዲሴምበር 18

ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት በላይኛው ማሳ በኩል አለፍኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ... ሳይነቀል ልየው ብዬ መሰለኝ።

ኤሜ እዚያ ነበር። አጎንብሶ፣ መቀስ ይዞ የካሪኛኑን ግንድ ይገርዛል። ከላይ ጀምሮ ግማሹን ጨርሷል።

"ብርድ ነው፣ መኪናሽ ውስጥ ግቢ" አለኝ ቀና ሳይል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"አይታይሽም?"

እዚህ አገር የሚነቀል ወይን የሚገርዝ ገበሬ የለም።  አጎንብሼ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ እሰበስብለት ጀመር። ሱቁን አርፍጄ ከፈትኩ።