የማናለሽ ዝምታ

ይድረስ ለእታለም አምሳለች፣ ሞጣ።

እታለም፣ እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን ሻል አለሽ? ጋሽ ባየስ ሳሉ ለቀቃቸው? ዘንድሮ እናንተ ዘንድ ብርዱ ጠንቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔም ልጅሽ ማናለሽም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን።

የመንፈቅ ዓመቱን ውጤት አይተሽ፣ ክፍል ውስጥ የማትናገር ልጅ ምን ገብቷት ነው፣ ትምጣና ሱቁን ታግዘኝ አልሽ። በስልክ ልመልስልሽ ብሞክር ሁለታችንም ተጣደፍን፤ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ዝቅተኛውን የተሳትፎ ነጥብ የሰጠኋት እኔው የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ነኝ። አጎቷ ስለሆነ አዳላላት እንዳልባል።

ግን አንድ ነገር እንቆቅልሽ ሆነብኝ። ከጓደኞቿ ጋር ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ድምፃቸው ቀድሟቸው ይደርሳል። ክፍል ሲገቡ ዝም። ሁሉም ባይሆኑም አብዛኞቹ ሴቶች። ወንዶቹ ጣታቸውን እያጮሁ ‹እኔ ቲቸር! እኔ!› ይላሉ፤ ገና ጥያቄውን ሳልጨርስ። መልሱን ሳያውቁትም። የሴቶቹ ድምፅ የት ይቀራል? በሩ ላይ?

ጠየቅኋት። ‹ጋሼ፣ ታላቅን ጣት እያጮሁ መጥራት ነውር ነው ያለችኝ እማየ ናት› አለችኝ። አንቺ ነሽ፣ እታለም። ጨዋነቷን እኔ እንደ ስንፍና ቆጠርኩት። ግን እሱ ብቻ ይሆን? ወንድ ሲሳሳት ወዲያው ይረሳለታል፣ ሴት ስትሳሳት ግን ሳምንት ይሳቅባታል አለችኝ። እዚያው ቆሜ እያስተማርኩ እንዴት አላየሁትም?

ባለፈው ሳምንት ጣት ማጮህ ከለከልኩ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ሙቀቱ ለምን ይጨምራል ብዬ ጠየቅኩ። መጀመሪያ ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩ፣ ከዚያ እኔ የጠራሁት ይናገራል አልኩ። ማናለሽን ጠራሁ። ተነሣች። ዝም። ዝምታው እኔን አስፈራኝ። ልናገርላት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት።

ቀስ ብላ፣ አየሩ ወደ ታች ሲወርድ ይታመቃል ብላ ስትጀምር፣ ቢያድግልኝ የሚባለው ልጅ ከኋላ ‹ኧረ ደፋሯ!› አለ። ክፍሉ ሳቀ። ዞር ብላ ‹ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም። አንተ ከጠዋት ጀምረህ አውርተህ የለ?› አለችው። ጨረሰችና ወደ እኔ ዞራ፣ ታዲያ ሌሊት እዚያ ታች ለምን ቶሎ አይበርድም ብላ ጠየቀችኝ። አላወቅኩም። አጣርቼ እነግርሻለሁ አልኳት። እስካሁን እያጣራሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትናገራለች ብዬ አልዋሽሽም። በማግስቱ ዝም ብላ ዋለች። የሰጠኋት ድፍረት ይሁን ጣጣ፣ እንጃ። ብቻ እባክሽ፣ እስከ ሰኔ እንኳ እኔ ዘንድ ትቆይ።

ጋሽ ባየን እጅ ነሥቷል በይልኝ። የእናታችንን ጉልበት ስሜያለሁ። ትንሹን ልጅ፣ ስጦታውን፣ ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ፊደል ቆጠረ ወይ? ጎረቤታችንን ሥርጉትንም እንዴት ነሽ በያት።

ማናለሽ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ራሷ ትደውልልሻለች። የምትፈልገውን እኔ አልነግርሽም፤ እንዳላቋርጣትም ከቤት እወጣለሁ። ዝም ብትልሽ ስልኩን አትዝጊው። ጠብቂያት።

ወንድምሽ ይታገስ
ቢቸና፣ የካቲት 7 ቀን 2015 ዓ.ም.