የአንበሳሜው ራውተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

አሁንም ዝም። የአንበሳሜው ቢሮ ራውተር ለባሕር ዳሩ ሰላምታ አይመልስም። የይፋጉ መልሷል። ያሬድ ከጎኔ ተቀምጦ ለውዝ ይፈለፍላል። አንድ ቢሮ፣ ሁለት ባለሙያ፣ ወደ ሐይቁ የሚያሳየው መስኮት የእሱ። አልነገርሁሽም ወይ ብሎ ይስቃል። ጥርሱን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ልንገርህ። እስከ ዛሬ መረጃው ከቢሮ ቢሮ የሚያልፍባቸውን መንገዶች በየራውተሩ በእጅ ነው የምንጽፋቸው። የአንበሳሜ መስመር በተበጠሰ ቁጥር ያሬድ በመ/ቤቱ መኪና ሄዶ በይፋግ የሚዞረውን መንገድ ይጽፋል። እስኪደርስ ባለጉዳይ ደጅ ይጠናል። ኦኤስፒኤፍ በሚሉት ስልት ግን ራውተሮቹ ያላቸውን መስመር እርስ በርስ ይነጋገራሉ። አንዱ ሲበጠስ ራሳቸው ሌላውን ይይዛሉ። ሐሳቡ የኔ። ኃላፊው እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጡኝ። ካልሆነ ወደ ድሮው እንመለሳለን፣ ኮንትራትሽም ይታያል አሉ።

ማክሰኞ፣ 18

ያሬድ ስብሰባ ላይ አዋረደኝ። ገና ልጅ ናት፣ የመጽሐፍ ዕውቀት ነው ያላት አለ። ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚሁ ሆኜ ራውተሩ ውስጥ ልግባ ብል፣ የርቀት መግቢያውን ያሬድ ራሱ ለደኅንነት ብሎ ዘግቶታል። ለደኅንነት! ቁጥሮቹን ባለፈው ሳምንት አንበሳሜ ሄጄ በእጄ የሞላኋቸው ናቸው። ተሳስቼ ይሆን? ራሴን እስክጠራጠር አደረሰኝ። ይህን አልምረውም።

ረቡዕ፣ 19፣ ማታ

አንበሳሜ ሄድሁ። ያሬድ ሳይጠራ መኪናው ውስጥ ገባ። የአንበሳሜው ቢሮ ዘበኛ ሲያየው፣ ቅዳሜ መጥተህ አልነበር ወይ፣ በደኅና ነው አለው። ቅዳሜ? እኔ የማውቀው የለም።

ኬብሌን ሰክቼ አየሁ። ሁሉም ራውተር በተመሳሳይ የቀጠና ቁጥር፣ በዜሮ፣ መሆን አለበት፤ ያለዚያ አይነጋገሩም። ይህኛው ወደ አንድ ተቀይሯል። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ።

ምን በደልሁህ አልሁት። ጮኼ ነበር መሰለኝ።

«እናቴ እዚህ ናት። ከአልጋ አትወርድም። መስመሩ ካልተበጠሰ ማን መኪና ይሰጠኛል?»

ንዴቴ ባሰብኝ። ለምን አልነገረኝም? ለምን በእንጀራዬ ይገባል?

ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለስሁት። ሰላምታው መጣ። ለሙከራ የቀጥታውን ኬብል ነቀልሁ፤ መንገዱ በይፋግ ዞረ። ሠራ! ደስታዬን የሚካፈል ሰው ከሱ በቀር አልነበረም። አላካፈልሁትም።

ስንመለስ እናቱ ቤት አስቆመን። እሳቸው እጄን ይዘው መረቁኝ። ልጄን የምታግዢው አንቺ ነሽ ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ አሉ። አሜን አልሁ። እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። በሳቸው ፊት እንኳ እሱን መጥላት አልከበደኝም።

ዓርብ፣ 21፣ ጠዋት

ኃላፊው ይጠብቁኛል። ያሬድ የዕቃ ብልሽት ነበር በዪልኝ ብሎ ለመነኝ። ዓይኑ ቀልቷል። አልራራሁም ብል ውሸት ነው።

ቢሆንም አልዋሽለትም። ቁጥሩን ማን እንደ ቀየረው እናገራለሁ። የእናቱን ነገር ግን አላነሳም። ያን እሱ ይንገራቸው፤ መኪናውንም በገዛ አፉ ይለምን።